እግር ቢያርፍ ልብ እንዳይወድቅ

ሰው የያዘውን ነገር ዋጋ የሚያውቀው ከእጁ በወጣ ጊዜ ነው ሲባል የኖረ ነገር ነው። ዐይኑ የሚያይለት ሰው ስለ ብርሃን አያስብም፤ እግሩ የሚሄድለትም ሰው መንገዱን ይቈጥራል እንጂ እግሩን አይቈጥርም። ነገር ግን አንድ ቀን ድንገት ጉዳት ደርሶበት «እስክትድን ድረስ ከስፍራህ አትነሣ» የተባለ እንደ ሆነ፣ ትናንት እንደ ቀላል ነገር ይመለከተው የነበረው ርምጃ ከወርቅ የከበረ መሆኑን ያን ጊዜ ያስተውላል። ይህ ለሰው ሁሉ እውነት ሲሆን፣ እንጀራውም ክብሩም ደስታውም በእግሩ ላይ ለተመሠረተ ለሯጭ ግን ይልቁንም የበለጠ እውነት ነው።

አገራችን ኢትዮጵያ በሩጫ ስሟ በዓለም ላይ መጠራት ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሯጭ ድል አድርጎ በተመለሰ ጊዜ የሚቀበለው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ዜናውም ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ነገር ግን ያው ሯጭ እግሩን ታሞ በቤቱ ተቀምጦ ጣራውን ሲቈጥር የሚከርምበትን ወራት የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ስለ እግሩ ሐኪሙ ይጠየቃል፤ ስለ ልቡ ግን የሚጠይቅ አይገኝም። ዳሩ ግን አስተውሎ ለሚመለከት ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሯጩን ከሜዳ የሚያስቀረው የእግሩ ጉዳት ሳይሆን ከጉዳቱ ጋር የመጣው የልቡ መሰበር ነው።

በእንጦጦ ዛፎች መካከል፣ በሱሉልታ ሜዳ፣ በሰንዳፋ መንገድና በአርሲ በበቆጂ ሯጮች ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ። ቅዝቃዜው ፊታቸውን እየቈረጠው፣ አንዱ ባንዱ ኋላ ተሰልፎ፣ የርምጃቸው ድምፅ እንደ አንድ ሰው ርምጃ ሆኖ ይሰማል። ከእነዚህ አንዱ እግሩን ተጐድቶ የቀረ እንደ ሆነ፣ በለመደበት ሰዓት እንቅልፉ ትቶት ይነሣል፤ የባልንጀሮቹ ኮቴ በደጁ ሲያልፍ ይሰማል፤ ነገር ግን የሚሄድበት የለውም። ጫማው በማእዘን ተቀምጦ ያየዋል። ይህ ሰው በዚያች ሰዓት የሚሰማው ኀዘን፣ ወዳጁ የሞተበት ሰው ከሚሰማው ኀዘን ጋር ይመሳሰላል ቢባል እንደ ማጋነን ሊቈጠር አይገባም።

የኀዘኑም ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ፣ ሩጫ ለሯጭ የቀኑ ሥርዐት ነው። ለመነሣት፣ ለመብላት፣ ለመተኛት ሰዓት የሚወስንለት እርሱ ነው፤ ሰውነቱም በየቀኑ ከሚደክመው ድካም የሚያገኘውን ደስታ ለምዶታል። ይህ ባንድ ቀን የተቋረጠ እንደ ሆነ ቀኑ ዘንግ የወጣለት ድንኳን ይመስላል። ሁለተኛ፣ ሩጫ ስሙ ነው። የአገሩ ሰው የሚያውቀው «ሯጩ» እያለ ነው፤ እግሩ በቆመ ጊዜ ስሙም አብሮ የቆመ ይመስለዋል፤ «ካልሮጥሁስ እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ ሩጫ እንጀራው ነው። በገጠር ያሉ አባትና እናቱ፣ ትምህርት ቤት ያሉ ወንድምና እኅቶቹ የርሱን እጅ ይጠብቃሉ። ውድድር ባመለጠው ቍጥር የሚቀርበት ዋንጫ ብቻ አይደለም፤ የቤት ክዳንና የልጆች ደብተርም ነው።

ከነዚህ ከሦስቱ የተነሣ በተጐዳው ሯጭ ልብ አራት ክፉ አሳቦች ይመላለሳሉ። አንደኛው መካድ ነው፤ ሕመሙን ከአሠልጣኙ ይሸሽጋል፤ «ነገ ይተወኛል» እያለ እያነከሰ ይሮጣል። ሁለተኛው ቍጣ ነው፤ በሐኪሙ፣ በወጌሻው፣ አንዳንድ ጊዜም በገዛ አካሉ ላይ ይቈጣል። ሦስተኛው መመዘን ነው፤ ተቀምጦ ሳለ የባልንጀሮቹን ሰዓት ይጠይቃል፤ እነርሱ አንድ ርምጃ በቀደሙ ቍጥር እርሱ ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ የተጐተተ ይመስለዋል። አራተኛውም ተስፋ መቍረጥ ነው፤ ከሰው ይለያል፤ እህል ይጠላል፤ ሌሊት አይተኛም፤ ቀን አይነሣም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ሌሎቹን የሚወልድ እርሱ ነውና። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ይህም የሆነበት ምክንያት እንዲታወቅ፣ ዐጥንት እንዴት እንደሚድን መናገር ያስፈልጋል። ሯጭ ምድርን በረገጠ ቍጥር ዐጥንቱ በጥቃቅኑ ይጐዳል፤ ሰውነትም በዕረፍት ጊዜ የተጐዳውን አፍርሶ አዲሱን ይገነባል። የተመጠነ ሩጫ ዐጥንትን የሚያጠነክረው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ጉዳቱ ከግንባታው የቀደመ እንደ ሆነ በዐጥንቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይወጣል። ይህ ስንጥቅ ዕረፍት ቢያገኝ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠግናል፤ ዕረፍት ቢነፈገው ግን ሰፍቶ ፈጽሞ ሊሰበር ይችላል፤ ያን ጊዜም የሳምንታት ነገር የወራት ይሆናል። የተረከዝ ጅማት ደግሞ የደም ሥሩ ከሌላው ሥጋ ያነሰ ስለ ሆነ መዳኑ ከዚህም ይዘገያል። እንግዲህ ስምንት ሳምንት መታገሥ ያቃተው ሰው ስንት ወራት እንደሚከፍል ማስተዋል ይገባል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ስለ ድል ብቻ ሳይሆን ስለ ዕረፍትና ስለ ጉዳትም ምሳሌ የሚሆን ሰው ቢፈለግ፣ ከሻምበል አበበ ቢቂላ የሚቀድም አይገኝም። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ሳለ፣ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አሠልጥኖት፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ለቶኪዮ ሲዘጋጅ ሳለ የትርፍ አንጀት ሕመም ያዘው፤ ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞም ሐኪሞች ሆዱን ቀደው አከሙት። ብዙዎች ተስፋ ቈርጠው ሳለ እርሱ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ተሰልፎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ፤ ሁለተኛ የወጣው ከርሱ 4 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ደረሰ። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈ ከርሱ በፊት አልነበረም።

ይህን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን የሚያስበው ጥቂት ነው። ወደ ሜክሲኮ በሄደ ጊዜ በግራ እግሩ ዐጥንት ላይ ያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተገኘበት። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሩጫውን ጀምሮ 16 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሕመሙ ስለ ጸናበት አቋረጠ፤ በዚያው ቀን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አንደኛ ሆኖ ገባ። በሁለት ኦሊምፒክ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ከመንገድ ዳር ወጥቶ ሌላው ሲያልፍ ማየቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ማቋረጡ ስሙን አላጐደፈውም፤ የኢትዮጵያም ሰንደቅ ዓላማ በዚያ ቀን አልወረደም።

አምስት ወር ያህል እንዳለፈ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ይነዳው የነበረው መኪና ተገለበጠበት። የጀርባው አከርካሪ ስለ ተጐዳ በመጀመሪያ እጁን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም። ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ወደ ተባለው ሆስፒታል ተወስዶ ብዙ ወራት ታከመ፤ እጆቹም ኃይላቸውን መለሱለት፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልቆሙም። በሮማ ድንጋይ ላይ ያለ ጫማ የሮጡት እግሮች ከዚያ ቀን ጀምሮ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዐረፉ። አንድ ሯጭ ሊደርስበት የሚችል ጉዳት ቢመዘን ከዚህ የሚከብድ የለም።

ያ ሆስፒታል ግን ተራ ሆስፒታል አልነበረም። ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ በ1931 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ የመጣው አይሁዳዊው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን፣ በ1936 ዓ.ም. በዚያ ለአከርካሪ ሕሙማን የሕክምና ክፍል ከፍቶ ነበር። ከርሱ በፊት አከርካሪው የተጐዳ ሰው በአልጋ ላይ ሆኖ ሞቱን ከመጠበቅ በቀር ብዙ ተስፋ አልነበረውም። ጉትማን ግን ሕመምተኛ ያለ ሥራ ከተኛ አካሉም ልቡም አብረው እንደሚበሰብሱ ተረድቶ፣ ቀስትን መወርወርንና ኳስ መጫወትን ከመድኃኒቱ ጋር አንድ አድርጎ አዘዘ። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ 16 ሕሙማን በሆስፒታሉ ሜዳ ላይ የቀስት ውድድር አደረጉ። ይህ ዛሬ ፓራሊምፒክ የተባለው የታላቁ ውድድር መነሻ ሆነ። የሚያስደንቀውም ነገር፣ በኋላ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የተቈጠረው ጉባኤ በሮማ የተከፈተው መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ አበበ በዚያችው ከተማ ካሸነፈ ከ8 ቀን በኋላ መሆኑ ነው። በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈበት ከተማ፣ ኋላ እርሱን የሚቀበለው ደጅ በዚያው ሳምንት እየተከፈተ ነበር።

አበበም በዚያ ደጅ ገባ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንድቪል ጨዋታ በቀስት ተወዳደረ፤ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። በ1963 ዓ.ም. በእንግድነት ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ በሄደ ጊዜ፣ የበረዶ አገር ሰዎች በሚወዳደሩበት በውሾች በሚሳብ መንሸራተቻ ገብቶ አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሙኒክ ኦሊምፒክ ክቡር እንግዳ ሆኖ በወንበሩ ላይ በታየ ጊዜ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ስለ ደረሰበትም ነገር ሲናገር፣ በኦሊምፒክ ማሸነፉም በአደጋው መጐዳቱም ከእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ሆነ፣ ያንን በደስታ እንደ ተቀበለ ይህንንም መቀበል እንደሚገባው ገልጧል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ከአደጋው በኋላ የኖረው አራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን በዚያ አጭር ዘመን ያሳየው ትዕግሥት ከሁለቱ ወርቆች አያንስም።

ከዚህ ታሪክ አንድ ሯጭ ሊማር የሚገባው ምንድር ነው? አበበ የጠፋውን እግሩን ሲያስብ አልቀረም፤ በቀረለት እጁ ቀስት ያዘ። ኀዘን አልነበረበትም ማለት አይደለም፤ ሰው ነበርና ያዝን ነበር። ነገር ግን ኀዘኑን ጌታ አላደረገውም። ሯጭነት በእግር ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ እግሩ በቆመ ዕለት ባለቀ ነበር፤ ሯጭነት ግን ማልዶ መነሣት፣ ቃልን መጠበቅ፣ ድካምን መቻልና እስከ መጨረሻው መጽናት ስለ ሆነ በወንበርም ላይ ተቀምጦ ሊኖር ችሏል።

ይህን አሳብ ሊቃውንት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት አስቀድመው ያውቁታል። ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከብዙ ዘመን ቁመት የተነሣ አንድ እግራቸው በተሰበረ ጊዜ በቀረው እግራቸው ቆመው ጸሎታቸውን እንዳላቋረጡ ገድላቸው ይተርካል። ይህ የተነገረው ሯጭ በተሰበረ እግሩ ይሩጥ ለማለት አይደለም፤ እግር ሲሰበር ዓላማ አብሮ እንደማይሰበር ለማስተማር ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የክርስቲያንን ኑሮ በሩጫ መስሎ ሲያስተምር ኖሮ፣ ሩጫውን እንደ ፈጸመ ለደቀ መዝሙሩ የጻፈው በሜዳ ላይ ሳይሆን በሰንሰለት ታስሮ ሳለ ነው። እንግዲህ አካል ታስሮ ልብ የሚሮጥበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ከቅርብ ዘመን ሰዎችም ምሳሌ አይታጣም። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በተረከዙ ጅማት እየታመመ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ከአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ቀድሞ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ለጅማቱ የቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወራት ዐረፈ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ በኤድመንተን ሲመለስ ሦስተኛ ሆነ። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስም ያው ጅማት እየጠዘጠዘው አምስተኛ ወጣ። ያን ጊዜ «ኃይሌ አበቃለት» ያለ ብዙ ነበር። እርሱ ግን መንገዱን ወደ ማራቶን መልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. መስከረም በበርሊን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ፣ በዓመቱም በዚያችው ከተማ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ቀነኒሳ በቀለም በ2001 ዓ.ም. ነሐሴ በበርሊን የ5,000ና የ10,000 ሜትር ወርቅ ባንድነት ካገኘ በኋላ በባቱ ጉዳት ምክንያት ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከውድድር ራቀ። በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ በዴጉ ሲመለስ በ10,000 ሜትር ሩጫውን ሳይፈጽም ወጣ። ሳምንታት ሳይቈዩ፣ በ2004 ዓ.ም. መስከረም በብራስልስ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ሮጦ በዓመቱ ከሮጡት ሁሉ ፈጣኑ ሆነ። ከዚያም ወዲህ ሕመም ፈጽሞ አልተወውም፤ ማራቶን ጀምሮ ያቋረጠባቸው ጊዜያት አሉ። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. መስከረም በበርሊን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ሲገባ በጊዜው ከነበረው ክብረ ወሰን የተለየው በሁለት ሴኮንድ ብቻ ነበር። የዴጉን ቀን መጨረሻ አድርጎ ቢቈጥረው ኖሮ የበርሊኑ ቀን ባልመጣ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ በጉዳት ምክንያት የተቀመጠ ወጣት ምን ያድርግ? መጀመሪያ፣ ሕመሙን በዕለቱ ለአሠልጣኙና ለሐኪሙ ይናገር፤ ለልቡም ኀዘን ስም ይስጠው። ማዘን ነውር አይደለም፤ «አዝኛለሁ» ብሎ ለሚያምነው ሰው መናገር ሸክሙን ያካፍላል። ሁለተኛ፣ የቀኑን ሥርዐት አያፍርስ፤ በለመደው ሰዓት ይነሣ፤ በሩጫው ሰዓት ሐኪሙ የፈቀደለትን ይሥራ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሆኖ እንደሚሮጥ ሰው እግርን ማንቀሳቀስ፣ ብስክሌት መንዳት፣ የላይኛውን አካል ማጠንከር፣ እንደ ጉዳቱ ዐይነት የሚፈቀዱ ናቸው። ለጥቂት ሳምንታት ያረፈ ሯጭ ትንፋሹ በመጠኑ ቢቀንስም፣ በብዙ ዓመት ልምምድ የተሠራ አካል ባንድ ወር እንደማይፈርስ ይወቅ። ሦስተኛ፣ ከባልንጀሮቹ አይለይ፤ መሮጥ ባይችል ሰዓት ይያዝላቸው፣ ውሃ ያቀብላቸው፣ ከኋላ የመጣውን ልጅ ይምከር። ተቀምጦ የሚያይ ሰው ሲሮጥ ያላየውን ብዙ ነገር ያያልና፣ ከዚህ ዕረፍት ጠቢብ ሆኖ የሚወጣ አለ።

አራተኛ፣ እንቅልፉንና ምግቡን ይጠብቅ፤ ዐጥንት የሚገነባው በባዶ ሆድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙም በጾም ረገድ እንደምታዝን የታወቀ ነውና፣ ይህንን ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር። አምስተኛ፣ የጎደሉትን ቀናት መቍጠር ትቶ የዛሬን ሥራ ይሥራ፤ ትናንት አሥር ርምጃ የሄደ ዛሬ አሥራ ሁለት ቢሄድ ድል ነው። ስድስተኛ፣ በተመለሰ ጊዜ እንዳይቸኵል ይጠንቀቅ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና። የዳነው እግር በመጀመሪያው ቀን ፍርሃት ያድርበታል፤ ትንሽ ቢቈረጥመው «ተመለሰብኝ» ብሎ ይደነግጣል። ይህም ፍርሃት የጉዳቱ አንድ ክፍል ስለ ሆነ፣ እየሄዱ ጥቂት በመሮጥ፣ ዛሬ ያለ ሕመም የታለፈውን ነገ በጥቂት በመጨመር ይለቃል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል። ኀዘኑ ግን በብዙ ሳምንት የማይለቅ፣ እንቅልፍና እህል የሚከለክል፣ ኑሮንም የሚያስጠላ የሆነ እንደ ሆነ፣ ይህ ራሱን የቻለ ሕመም ነውና ሳያፍር ወደ አእምሮ ሐኪም ይሂድ።

ይህ ሁሉ ግን በሯጩ ጫንቃ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም፤ የሹማምንትም ግዴታ አለበት። የስፖርት ሥራ በእጃቸው ያለ ሰዎች፣ ሯጩ ሲያሸንፍ ፎቶግራፍ ለመነሣት እንደሚቀርቡ ሁሉ ሲታመምም ሊቀርቡ ይገባል። የተጐዳ ሁሉ ደመወዙ ወዲያው የሚቋረጥበት ከሆነ ጉዳቱን የማይሸሽግ ሯጭ ከየት ይገኛል? መሸሸግን የሚያስተምረው ሕመሙ አይደለም፤ ረኃብ ነው። ስለዚህ ታማሚው እስኪድን ድረስ የሚኖርበትን ማሰብ፣ የታወቀ ሐኪምና ወጌሻ በቅርብ ማኖር፣ ትምህርቱን ላቋረጠ ሯጭም በዕረፍቱ ወራት የሚማርበትን መንገድ ማበጀት፣ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ብልህነትም ነው። የመንግሥት ሀብት የሚባለው ሜዳውና ዋንጫው ብቻ አይደለም፤ በሜዳው ላይ የሚሮጠው ሰው ነው። እርሱንም ሲጠይቁ «መቼ ትሮጣለህ?» ከማለት «እንዴት አደርህ?» ማለት ይቅደም። የመጀመሪያው ጥያቄ እግሩን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሰውየውን ይፈልጋል።

ካህናት አባቶችም በዚህ ነገር ታላቅ ድርሻ አላቸው። ወጣቱ ኀዘኑን ይዞ በመጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ወደ እነርሱ ነውና። የኢዮብን ወዳጆች ማስታወስ ይገባል፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከርሱ ጋር በመሬት ተቀምጠው ዝም ባሉ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው መከራውን የኀጢአቱ ዋጋ ነው ባሉ ጊዜ ግን ቍስሉን አበዙት፤ እግዚአብሔርም ነቀፋቸው። እግሩ የተሰበረበትን ወጣት «ምን በድለህ ይሆን?» ከሚሉት አብሮት ዝም ብሎ መቀመጥ ይሻላል። ጠበል የሚጠመቀውንም የሐኪሙን ምክር እንዳይተው ቢመክሩት ሁለቱም ከአንድ ፈጣሪ የመጡ ስጦታዎች መሆናቸውን ይረዳል።

በመጨረሻም አንድ እውነት ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። የተጐዳ ሁሉ አይመለስም። ከአንድ መቶ የተስፋ ሯጮች የሮማንና የበርሊንን መንገድ የሚያዩት ጥቂቶች ናቸው፤ ከቀሩትም በጉዳት ምክንያት ጫማቸውን ለዘላለም የሚሰቅሉ አሉ። እነዚህን «ታገሥ፣ ትመለሳለህ» እያሉ መሸንገል ምሕረት አይደለም። ምሕረት የሚሆነው፣ ሩጫ የሰጣቸውን ማለትም ማለዳን፣ ሥርዐትን፣ ጽናትን ይዘው ወደ ሌላ ሥራ እንዲሻገሩ መርዳት ነው። አሠልጣኝ፣ ወጌሻ፣ መምህር፣ ገበሬ ወይም ነጋዴ የሆነ የቀድሞ ሯጭ የወደቀ ሰው አይደለም፤ መንገዱን የቀየረ ሰው ነው እንጂ። አበበ ቢቂላ ቀስት በያዘበት ቀን ከሯጭነት አልተሻረም፤ ሯጭነት ምን እንደ ሆነ ለዓለም ገልጦ አሳየ።

ዛሬ በማለዳ የባልንጀሮቹን ኮቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ የሚሰማ ወጣት ይህን ያስብ፤ እግሩ ዐርፏል እንጂ ሕይወቱ አልቆመችም። ኀዘኑ ይፈቀድለት፤ ተስፋው ግን አይወሰድበት። አጠገቡ ያሉትም ሹምም ይሁኑ ካህን፣ ዘመድም ይሁኑ ጎረቤት፣ በድሉ ቀን እንደሚያስታውሱት በሕመሙ ቀን ያስታውሱት። ፈጣሪ ለተጐዱት ትዕግሥትንና ጤናን፣ ለሚጠይቋቸውም የርኅራኄን ልብ ይስጥ።